የእትዬ ዘምዘም የምስክር ሳህን

ባለፈው ክረምት፣ ከእንጦጦ ፓርክ ዝቅ ብሎ ባለው እኔ በምመራው ምግብ ቤት፣ የማቀዝቀዣውን በር ስከፍት የበረኪና ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። አዲሷ ሠራተኛ መደርደሪያዎቹን አጥባ በደንብ አላለቀለቀቻቸውም። ልቆጣት ዞር ስል በክፍቱ መስኮት እርጥብ ባሕር ዛፍ ሸተተኝ፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሁለቱ ሽታዎች ሲገናኙ ቁጣዬ ከአፌ ላይ ጠፋ። ቅዝቃዜው ፊቴን እየመታኝ በሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። መደርደሪያው ላይ ከዕለቱ ምግብ ሁሉ አንድ አንድ ጭልፋ ተቀንሶ፣ በትንንሽ ዕቃ ተከድኖ፣ ቀን ተጽፎበት ተደርድሯል።

"እትዬ ጫልቱ፣ ግን ይሄን ማን ነው የሚበላው?" አለችኝ ልጅቷ። "በየቀኑ እናስቀምጣለን፣ በየቀኑ እንደፋለን። የሙት ድርሻ ይመስላል እኮ!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሥልጠና ላይ የተነገረንን እደግምላት ነበር፦ ተመጋቢ ቢታመም የሚመረመር ናሙና ነው፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ከዚያ ይደፋል። ያን ቀን ግን ከአፌ የወጣው "አንድ ጊዜ የበላው ሰው አለ" የሚል ነው። ልጅቷ ሳቋን ዋጠች።

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሰፈራችን ላምበረት እንደ ዛሬው የአውቶቡስ መናኸሪያ አልነበረውም። ከታች የደሴ መንገድ፣ ከላይ እስከ ተራራው ጫፍ ባሕር ዛፍ፣ መሀል ላይ እኛ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ቅጠልና ጭራሮ እየሸጠች ነበር እኔንና ታላቅ ወንድሜን ለሜሳን የምታሳድገን። ከእኛ አጥር ቀጥሎ የእትዬ ዘምዘም ምግብ ቤት ነበር። ወደ ወሎ የሚወጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች እዚያ ሳይበሉ አያልፉም። በሩ ላይ ስም አልተጻፈበትም፤ ሾፌሮቹ ግን ከማድ ቤቱ ጀርባ ተራራው ውስጥ የገባ ዋሻ ስላለ "ዋሻው" ይሉታል።

እትዬ ዘምዘም ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። ባልም ልጅም የላቸውም። ምግብ የሚሠራ ሰው ሽንኩርትና ቅቤ ይሸታል፤ እሳቸው የሚሸቱት በረኪና ነው። እጃቸው ከመታጠብ ብዛት ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። ድሮ አንድ ሆስፒታል ማድ ቤት ውስጥ ሠርተው ነበርና የዚያን ደንብ ይዘው ነው የመጡት። ጥሬ ሥጋ የሚቆረጥበት ቢላ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል፤ በዚያ ቢላ ዳቦ የቆረጠ ሠራተኛ ከተገኘ ዳቦው ለውሻ፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ። ጣቱ የቆሰለ ሰው ድስት አጠገብ አይደርስም። ጠዋት ጠዋት አስተናጋጆቹን አሰልፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የእያንዳንዱን እጅ ያሸታሉ። እኛ ልጆች በአጥር ቀዳዳ እያየን እንቆነጣጠራለን።

ከሁሉ የሚጠሉት ለብ ያለ ነገር ነው። ወጥ ወይ ይንተከተካል፣ ወይ ዋሻ ገብቶ ይቀዘቅዛል፤ መሀል ቤት የሚባል ነገር የለም። የእጃቸውን ጀርባ ድስቱ ጎን ላይ አሳርፈው ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ዝም ይላሉ። ከዚያ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "ሞት የፈላ አይደፍርም፣ የቀዘቀዘም አይደፍርም፤ ለብ ያለውን ነው የሚወደው" ይላሉ። አቤት ያ አነጋገር! ስንት ቀን ሻዬ ለብ ሲልብኝ፣ ሞት ብርጭቆው ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያየኝ እየመሰለኝ ደፍቼዋለሁ።

ዋሻው ግን ይብስ ነበር። ጠባብ የድንጋይ አፍ አለው፤ ገባ ሲሉ ወደ ግራ ይታጠፍና ከዚያ ወዲያ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከጣሪያው ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ በግንቦት ሙቀት እንኳ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አፉ አጠገብ ሳንቃ ላይ ነጫጭ የብረት ሳህኖች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ በአቡጀዲ ተሸፍኖ በክር ታስሮ። የተገነዙ ይመስላሉ። እትዬ ዘምዘም ለምሳ ማንም ሳይቆርስ ከእያንዳንዱ ድስት ቀንሰው እዚያ ያስቀምጣሉ። ማንም አይነካውም። በሦስተኛው ቀን ጓሮ ቆፍረው ይቀብሩትና ሳህኑን በፈላ ውሃ ያጥባሉ። ስንቱ ርቦት እያለ፣ ምግብ ሲቀበር!

አንድ ቀን እናቴ ደፍራ ጠየቀቻቸው። እኔ ጭኗ ላይ ተኝቼ እሰማለሁ። ወሎ ውስጥ፣ በታናሽ እህታቸው ሠርግ፣ ወጡ ዳስ ውስጥ አድሮ በማግስቱ ቀረበ አሏት። በዚያው ቀን ሰው ይወድቅ ጀመር። ሙሽራዋም ሞተች።

"ከየትኛው ድስት እንደመጣብን ሳናውቅ ቀብረን ተመለስን፣ የለሜሳ እናት። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ አንዱ ጎረቤቱን መርዘኸናል አለ። እስከ ዛሬ ወንድም ከወንድሙ አይነጋገርም። ምስክር የለማ! አሁን የኔ ምግብ ሰው ቢያሳምም ሳህኑ ይናገራል። ላቦራቶሪ ይወስዱትና ሁሉን ይናገራል።"

ለአዋቂ ይሄ ሊገባው ይችላል። ለእኔ ግን የሚናገር ሳህን ማለት ከጅብ የባሰ ነገር ነበር።

ለሜሳ አሥራ ስምንት ሊሞላው ሲል የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ በረታ። ጎረምሳ ከመንገድ ላይ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከአልጋው ላይ ይታፈሳል። የታፈሰ ደግሞ ወዴት እንደደረሰ የሚነግርህ የለም። አንድ ጠዋት ስነቃ የወንድሜ ፍራሽ ባዶ ነበር። "አጎቱ ጋ ሱሉልታ ሄዷል" አለችኝ እናቴ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ። አለቀ፤ ሌላ ቃል የለም።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። ከእትዬ ዘምዘም ጋር ሻይ ስትጠጣ የኖረችው ሴት፣ ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ቆማ "ኧረ እባካችሁ ልጆቻችሁን ያዙ! ያ ዋሻ ደህና አይደለም። ሳህኑ ለምን ይመስላችኋል? አውሊያ ነው የምትመግበው!" ትል ጀመር። ሴቶቹ አማተቡ። ወሬው በሳምንቱ ኮተቤ ደርሶ ተመለሰ፤ ሲመለስ ቀንድ አውጥቶ ነበር። ጥላ ያየ ተገኘ፣ ከዋሻው ውስጥ ሲያኝክ የሰማ ተገኘ። እኔማ በዚያ አጥር በኩል ማለፉን ተውኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት ድብብቆሽ ስንጫወት ግን መደበቂያው ሁሉ ተያዘብኝና፣ ምን እንደቆረጠኝ እንጃ፣ ዋሻው አፍ ውስጥ ገባሁ። የተሸፈኑት ሳህኖች ከጎኔ ናቸው። ውሃው ጠብ ይላል። ትንፋሼን ውጬ ስቆም፣ ከታጠፈው ጨለማ ውስጥ ሌላ ትንፋሽ ሰማሁ። ቀስ ብሎ፣ በሹክሹክታ፣

"ጫልቱ" አለኝ።

የለሜሳ ድምፅ ነበር።

"ጫልቱ፣ ውጪ።"

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ለእናቴ ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ሁለት ትከሻዬን ይዛ "አውሊያ እንደዛ ነው" አለችኝ። "የምትወጂውን ሰው ድምፅ ይዞ ነው የሚጠራሽ። ዳግመኛ ብትሄጂ ይወስድሻል። ለሰው ብትናገሪ ደግሞ ለሜሳን ይወስደዋል።" እኔም አፌን ዘጋሁ። ሱሉልታ ያለ ልጅ ድምፁ እዚህ ዋሻ ውስጥ ምን ያደርጋል? ሞቷል ማለት ነው ብዬ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ጊዜው የድርቅ ነበር፤ እህል የጫኑ መኪናዎች ወደ ወሎ ይመላለሳሉ። አንድ ቀን የኮንቮይ ሾፌሮች ዋሻው ምሳቸውን በልተው ሄዱ። ደብረ ብርሃን ሳይደርሱ ሆዳቸውን ይዘው መንገድ ዳር ወደቁ። መኪናዎቹ ቆሙ። በዚያ ዘመን ሾፌር ቢታመም አንድ ነገር ነው፤ የእርዳታ እህል ከቆመ ግን ስሙ አሻጥር ነው፣ አሻጥረኛ ደግሞ የት እንደሚገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በማግስቱ ማድ ቤቱ ታሸገ። ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃዎች በሩ ላይ ቆሙ፣ እትዬ ዘምዘምም ከቤታቸው ንቅንቅ እንዳይሉ ተባለ።

"ምስክር አለኝ" አሉት ለቀበሌው ሊቀመንበር። "ያን ቀን የበሉት ምግብ ዋሻ ውስጥ ተቀምጧል። እኔው ላምጣላችሁ፣ ላቦራቶሪ ውሰዱትና አስመርምሩት።"

"ከላይ ጓዶች ሲመጡ አብረን እናየዋለን" አላቸው።

ጓዶቹ የመጡት ጥበቃው በቆመ በማግስቱ ከሰዓት ነው። እስከዚያ እናቴ እህል አልቀመሰችም። ወደ አጥሩ ትሄዳለች፣ ጥበቃዎቹን ታያለች፣ ትመለሳለች። ለእትዬ ዘምዘም አዝና መስሎኝ ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። እትዬ ዘምዘም ነጭ ሽርጣቸውን አጥብቀው ከፊት ከፊት ሄዱ። አልፈሩም፤ እንዲያውም ያን ዕለት ያህል ቀጥ ብለው ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዚያች ቀን ነዋ ሲዘጋጁ የኖሩት! ሾፌሮቹ የበሉበትን ቀን ሳህን ከሳንቃው ላይ አነሡ። ክሩ ተፈቷል። አቡጀዲውን ገለጡት።

ባዶ ነበር። ባዶ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ተልሶ ብረቱ ያብረቀርቃል።

ውሃው ጠብ አለ። እትዬ ዘምዘም ሳህኑን አዩ፣ ከዚያ ጨለማውን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ከሰዉ መሀል እናቴን አዩአት። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነክሳዋለች። በዚህ መሀል ከጨለማው ውስጥ አንዲት ጠጠር ስትንከባለል ተሰማች። አንዱ ጓድ ሽጉጡን ዳበስ አደረገና ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ሄደ።

"አውሊያው በልቶታል!" አሉ እትዬ ዘምዘም፣ ጮክ ብለው።

ያቺ ሴት! ቡዳ ያለ ሰው ሲሰሙ ደማቸው የሚፈላ፣ "ድስትህን እጠብ፣ በአውሊያ አታሳብ" እያሉ ስንቱን የገሠጹ ሴት! "የማስቀምጠው ለሱ ነው። ተቆጥቷል። አሁን የገባበት ሰው ደህና አይወጣም" አሉ። ጓዱ እግሩን መለሰ። ሊቀመንበሩ ደግሞ፣ እሑድ እሑድ በውይይት ክበብ እግዜር የለም እያለ ሲያስተምረን የኖረው ሰውዬ፣ ለማማተብ እጁ ወደ ግንባሩ ሲሄድበት መሀል መንገድ ላይ ያዘው። ያፈረበትን በእሳቸው ላይ ተወጣው።

"ጠንቋይ ናት! ማስረጃውንም አጥፍታዋለች! ያዟት!"

እትዬ ዘምዘም ባዶውን ሳህን ሳንቃው ላይ መልሰው በአቡጀዲው ሸፈኑት። ከዚያ ወደ እኛ ሳይዞሩ ሄዱ።

ያን ዕለት አመሻሽ እናቴ በሩን ዘግታ እውነቱን ነገረችኝ፤ ባትነግረኝ በፍርሃት ማበዴ ነበር። ለሜሳ ከመጀመሪያውም የሄደው ዋሻው ውስጥ ነው። ያስገቡትም፣ ምግብ የሚያደርሱለትም እትዬ ዘምዘም ናቸው። የአውሊያውን ወሬ እናቴ የነዛችው ሰው ወደዚያ ዝር እንዳይል ነው፤ እትዬ ዘምዘም መጀመሪያ እምቢ ብለው፣ በኋላ እያረራቸው ተስማምተው። ጥበቃ ሲቆም ግን ለልጁ የሚያደርስለት ጠፋ። የጣሪያውን ውሃ ብቻ ሲጠጣ ቆየ፤ በመጨረሻ ራቡ ሲጠናበት በጨለማ እጁ የደረሰበትን ሳህን ፈታ። የትኛው ሳህን የየትኛው ቀን እንደሆነ የት ያውቃል? ጥበቃዎቹ አውሊያውን ፈርተው ከዋሻው ሲርቁ፣ ሊመሽ ሲል በወረደው ጭጋግ ተከልሎ በባሕር ዛፉ መሀል እንጦጦን ሽቅብ ያዘው። እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ ጀርባውን አይታለች።

"ሆድ ይፍጀው፣ ጫልቱዬ" አለችኝ። ሆዴ ፈጀው።

እፎይ ያልን እንዳይመስላችሁ። ሳህኑ ውስጥ የነበረው ሾፌሮቹ የበሉት ያው ምግብ ነው። የኛ ልጅ ጥርግ አድርጎ የበላው እሱን ነው፤ በልቶም ብቻውን ጫካ ገብቷል። አጎቴ ጋ ሱሉልታ ብናስጠይቅ አልመጣም ተባለ። ከዚያ በኋላ እናቴ በየወሩ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ትወጣለች። ከቅዳሴ በኋላ እንጨት ተሸካሚዎቹን ሴቶች እያስቆመች "ጫካ ውስጥ የወደቀ ልጅ አላያችሁም?" ትላለች። አንዷ አንድ ጊዜ ከቁጥቋጦ ሥር ያገኘችውን አንድ እግር ሸራ ጫማ አምጥታ ሰጠቻት። እናቴ ገለባብጣ አይታ "የሱ አይደለም" አለች፤ ግን ቤት ይዛው መጥታ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። እኔ የምተኛው እዚያው አልጋ ላይ ነበር። የማን ጫማ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለእትዬ ዘምዘም እስር ቤት ስንቅ እናመላልስ ነበር። ስለ ቤታቸው አይጠይቁ፣ ስለ ክሳቸው አይጠይቁ። "ወሬ አለ?" ብቻ ነው የሚሉት።

"የለም፣ ዘሙዬ" ትላቸዋለች እናቴ።

ሾፌሮቹ አንድም ሳይሞት ሁሉም ዳኑ፤ ነገሩም ሲቀዘቅዝ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ እትዬ ዘምዘም ተለቀቁ። ሾፌሮቹን ምን እንዳሳመማቸው ግን የሚያውቅ ጠፋ። መንገድ ላይ እርጎ ገዝተን ጠጥተናል ያሉም ነበሩ። የምግብ ቤቱ ፈቃድ ተነጠቀ፤ ባይነጠቅስ ማን ሊበላ! አውሊያ የሚመገብበት ቤት ተብሎ፣ የድሮ ደንበኞቻቸው እንኳ እዚያ ሲደርሱ ጥሩንባ እየነፉ ፈጥነው ያልፉ ነበር። እትዬ ዘምዘም በዚያ ትልቅ ባዶ ቤት ለአንድ ሰው ያበስላሉ፤ ከዚያችም ቀንሰው፣ ሸፍነው፣ በክር ያስራሉ። እናቴን ባዩ ቁጥር "ወሬ አለ?" ይላሉ።

ከፍ እያልኩ ስሄድ ነው የገባኝ። እሳቸውን የበላቸው እስሩ አልነበረም፣ አለማወቁ ነው። የገዛ እጃቸው ያን ሁሉ ሾፌር መንገድ ላይ ጥሎት ይሆን? ያዳኑትን ልጅ ራሳቸው ገድለውት ይሆን? እንደ እህታቸው ሠርግ፣ ዳግመኛ ያለ ምስክር ቀሩ።

ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ ግቢ ስጠርግ፣ ከኋላዬ "ጫልቱ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ክው አልኩ። መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ፤ ለመዞር ፈራሁ። ያ ዋሻ፣ ያ ውሃ፣ ያ ትንፋሽ እንዳለ ተመለሰብኝ። እንደምንም ስዞር ጢሙ ያደገ፣ የከሳ ሰውዬ በራችን ላይ ቆሟል። ለሜሳ ነበር። ሱሉልታን አልፎ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ጎጃም ውስጥ በቀን ሥራ ኖሯል፤ እንዳያስይዘን ፈርቶ ድምፁን አጥፍቷል። እናቴ ምን እንደሆነች አልነግራችሁም፤ እናት ያለው ያውቀዋል።

በዚያው ቀን እትዬ ዘምዘም ጋ ወሰድነው። ዓይናቸው ደክሞ ነበርና በዚያ በተሰነጣጠቀ እጃቸው ፊቱን ዳሰሱት። እንኳን ለዚህ አበቃህ የሚሉት መስሎን ስንጠብቅ፣

"ሆድህን አመመህ?" አሉት።

ለሜሳ አልገባውም። "መቼ፣ እትዬ?"

"ሳህኑን የበላህ ቀን። እውነቱን ንገረኝ ልጄ፣ አትዘንልኝ። ማታውንስ? በማግስቱስ? ትንሽም ቢሆን?"

"ኧረ ምንም አላመመኝ! ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት በሱ ጉልበት ነው። ሳህኑን የላስኩትም ጣፍጦኝ ነው።"

"ማርያምን በል" አሉት፣ የኛን መሐላ ያውቃሉና።

"ማርያምን!"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሱ። ዛሬ በሙያዬ ሳየው የአንድ ጎረምሳ ሆድ ላቦራቶሪ አይሆንም፤ ይሄን እሳቸውም አያጡትም። ግን ስንት ዓመት የጠበቁት ምስክር በእግሩ ሄዶ በእግሩ ሲመለስ ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተነሡ። የመስኮቱ ደፍ ላይ የዕለቱ ሳህን ተሸፍኖ ተቀምጧል። ክሩን ፈቱት። ምግቡን ድስት ውስጥ ገልብጠው እሳት ላይ ጣዱት። ለሜሳ "እንዲሁ ስጡኝ፣ ይበቃኛል" ቢላቸው "ለብ ያለ ነገር በቤቴ አይበላም!" ብለው ጮሁበት፤ እኔና እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅን። እስኪንተከተክ ጠብቀው አቀረቡለት። አጠገቡ ተቀምጠው እስኪጨርስ ድረስ እያንዳንዱን ጉርሻ ተከታተሉ።

በዓመቱ አረፉ። ዘመዶቻቸው ከወሎ መጥተው ቤቱን ሸጡት፤ የዋሻውም አፍ በድንጋይ ተደፈነ። ለእኔ የደረሱኝ ያ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ያለው ቢላና አንድ ነጭ የብረት ሳህን ናቸው።

ይህን ሁሉ ስነግራት አዲሷ ሠራተኛ የማቀዝቀዣውን በር ተደግፋ ቆማ ነበር። የተከደኑትን ዕቃዎች መለስ ብላ አየቻቸው፣ አሁን ሳትስቅ።

"ታዲያ... የሰኞውን ልድፋው?" አለችኝ በቀስታ።

"ቀኑ ሲደርስ" አልኳት። "አሁን በሩን ዝጊው፣ ለብ እንዳይልብን።"